በአንድ ቅርጫት የገባ ቅጠል

ነሐሴ ሦስት ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። እህቴ ብርቄ ከመርሳ ከተማ በላይ ባለው መንደሯ፣ በራፏ ላይ ተቀምጣ፣ ጎረቤቷ ሠርታ ያመጣችላትን የዱር ቅጠል ወጥ በእንጀራ በላች። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። እኔም ከዚያው ሳህን ሁለት ጉርሻ በልቻለሁ።

ያን ጊዜ ወልድያ ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ የሰሜን ወሎን ወሬ የምልክ ዘጋቢ ነበርኩ። የመኪና አደጋ፣ የጎርፍ አደጋ፣ የእርዳታ እህል ሰልፍ ዘግቤአለሁ። ደንግጬ አላውቅም። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር፤ "እሱ የራሱን ቤት መቃጠልም ሰዓቱን አይቶ ነው የሚጽፈው" ይላሉ። ቀልዱ ደስ አይለኝም፤ ሐሰት ነው ግን አልልም።

ብርቄ ታናሼ ናት። ከዚህ እርግዝና በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይሄኛው ስምንት ወር ሲሞላው ባሏ ታደሰ ፊቱ ይፈታ ጀመር፤ እሷ ግን ገና አንዲት የልጅ ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀችም። ለምን ስላት፣ "ይምጣና እናያለን ጋሼ" አለችኝ። ለማርያም ስለት እንደተሳለች ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ልጁ በሰላም እንዲመጣ የዘንድሮን ፍልሰታ አንድም ቀን ሳታጎድል ልትጾም። ቄሱ "እርጉዝ አትገደድም" ብለዋት ነበር። አልሰማቻቸውም።

ወደ መንደሩ የሄድኩት ለዚያው ቅጠል ነው። በክረምት፣ ያለፈው እህል ሲያልቅና አዲሱ ሳይደርስ፣ ከመንደሩ በላይ ባለው ገደል ላይ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው ሣር መሳይ ቅጠል ይወጣል። ሴቶቹ የዱር ነጭ ሽንኩርት ይሉታል። ይቆርጡታል፣ ያጥቡታል፣ ደቀቅ አድርገው ከትፈው ከቃሪያና ከጨው ጋር ያበስሉታል፤ ሊያወፍሩት ሲሹ ሽሮ ይነሰንሱበታል። ብርቄ "መጥተህ ቅመስና ጻፍ" ካለችኝ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

አዋቂዋ ጎረቤቷ ከድጃ ናት። በብርቄና በከድጃ ቤት መካከል ያለው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ከድጃ ሙስሊም ናት፤ ግን በቤቷ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አንድ ድስት ለብቻው አለ። የክርስቲያን ጾም ሲገባ ይወርዳል፣ ጾም ሲፈታ ይሰቀላል። ለጎረቤት የምትልከው በዚያ ይሠራል።

ወጡ ከመበላቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከድጃ ገደሉ ሥር ወስዳ አሳየችኝ።

"ጋዜጠኛው፣ ጻፍ" አለችኝ። "ቅጠሉን ጨፍልቀህ ታሸተዋለህ። ነጭ ሽንኩርት ከሸተተህ የእኛ ነው። ምንም ካልሸተተህ የጅብ ነው።"

"የጅብ ማለት?"

"የጅብ ሽንኩርት። ሲያድግ ቅጠሉ ጎራዴ ያህላል፤ ዕውርም አይሳሳተው። ለጋው ላይ ነው ወንድማማች የሚመስሉት። መርዝ ነው።"

"ጅብ ይበላዋል?"

"እሱስ መች ቂል ሆነ። ስሙን ብቻ ነው የሰጡት።"

ጻፍኩት። አንድ ቅጠል ጨፍልቄም አሸተትኩ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም።

በማግስቱ ጧት ዝናቡ ሲያባራ ከድጃ ልትለቅም ወጣች። ጉልበቷን ያማት ስለነበር ከገደሉ ሥር ያለውን ራሷ ስትለቅም፣ ከላይ ያለውን የልጇ ሚስት ዘምዘም እንድትለቅም ላከቻት። ዘምዘም ከሐራ፣ ከቆላው የመጣች ሙሽራ ናት፤ ከገባች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። ቅርጫቱ አንድ ነበር። ዘምዘም እጇ ሲሞላ እየወረደች ከአማቷ ቅርጫት ትጨምራለች። እኔ በዚያ ሰዓት ለጋዜጣው ስልክ ልደውል መርሳ ወርጄ ነበር። ስመለስ ወንዙን ስሻገር ውሃው ከጉልበቴ በታች ነው።

ብርቄ ከቅዳሴ ተመልሳ በራፏ ላይ ተቀምጣለች። የከድጃ ወጥ ሽታ አጥሩን አልፎ መጥቷል። በዚያ አገር እርጉዝ ሴት የምግብ ሽታ ከደረሳት ሳትቀምስ አትታለፍም፤ አምሮቱ በልጁ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ድስቱ ከእሳት እንደወረደ ከድጃ ሳህን ይዛ ገባች።

"ሽታው ቀድሞኝ ገብቷል መሰለኝ።"

"ገና ሲያቁላሉ ነው ምራቄ የሞላው፣ እትዬ ከድጃ።"

"ብዪ። ከአንቺ በፊት በእኔ ቤት ማንም አይቀምስም። ኋላ ልጁ ግንባሩ ላይ ሽንኩርት በቅሎበት ቢወለድ ታደሰ ፍርድ ቤት ያቆመኛል።"

ብርቄ ሳቀች። በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችልኝ። ጥሩ ነበር። የኑግ ዘይቱና የነጭ ሽንኩርቱ ጣዕም ዛሬም ትዝ ይለኛል። የቀረውን እሷ ጨረሰችው።

ከድጃ ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ ታወራ ነበር። ትንሽ ቆይታ ዘምዘም ሳህኑን ልትወስድ መጣች። ስትጎነበስ እጇን አየሁት። ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ቀልቷል፤ በጥፍሯ ታካለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"እንጃ። ስለቅም ጀምሮ ያሳክከኛል።"

"ሳማ ነክቷት ነው" አለች ከድጃ። "የቆላ ልጅ ሳማ አታውቅ።"

"እዚያ ላይ ሳማ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም። መጠየቅ ልማዴ ነው።

ከድጃ ወደ ገደሉ ቀና ብላ አየች። ገደሉ ላይ ሳማ የለም። ሳማ ያለው ከብት በሚያድርበት፣ ታች ነው። ተነሥታ የዘምዘምን እጅ ወደ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው።

"ከየት ነው የቆረጥሽው?"

"ካሉኝ ቦታ። ከቋጥኙ አጠገብ።"

"ከቋጥኙ በታች ነው በላይ?"

ዘምዘም እጇን ከአማቷ ለማስለቀቅ ሳብ አደረገች።

"በላይ ነው?"

"በላይም አለ። ወፍራም ወፍራም ለጋ ነበር።"

"አሽትተሽዋል?"

"አሽትቻለሁ፣ እማ። ሁሉም ይሸት ነበር።"

ከድጃ ተቀመጠች። የልጅቷን መልስ ለመረዳት እኔ ትንሽ ዘገየሁ። ዘምዘም ከጧት ጀምራ የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ስትጨፈልቅ ነው የዋለችው። እጇ ራሱ ሽንኩርት ነው። በዚያ እጅ የተያዘ ሣርም ድንጋይም ሽንኩርት ይሸታል። ከዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቅርጫት ገብቶ እርስ በርሱ ተሻሽቷል።

ከቅርጫቱ ያልተከተፈ አንድ እፍኝ ቀርቶ ነበር። አስመጣሁት። ቅጠሎቹን በውሃ አጥበን፣ ከእርሻ የተመለሰውንና ምንም ያልነካውን ታደሰን ጠርተን አንድ በአንድ አስሸተትነው። "ሁሉም ይሸታል" አለ። ከመካከላቸው ሁለት ቅጠሎች ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ። ከድጃ በጣቷ ደባበሰቻቸውና "አላውቅም" አለች። "ለጋ ነው። አምላክ ምስክሬ ነው አላውቅም።"

ታደሰ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዘምዘምን አየ፤ ከድጃን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን።

"ስንት በላሽ?"

"ጨረስኩት" አለች ብርቄ።

ሰዓቴን አየሁ። አሥር ሰዓት አልፏል። ከበላች አንድ ሰዓት ሆኗት ነበር። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር፤ ምራቋን ደጋግማ ትውጣለች። "ያቅለሸልሽሻል?" አልኳት። "ፍርሃት ነው" አለች። እኔም ሆዴን አዳመጥኩ። ከበድ ያለኝ መሰለኝ፤ መምሰሉን ከመሆኑ መለየት አልቻልኩም።

ታደሰ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ሊጠራ ሮጠ፤ ወዲያው ተመለሰ። ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። እኔ ከጉልበት በታች የተሻገርኩት ውሃ አሁን በሬ ይወስዳል። እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው።

ከድጃ ቤቷ ገብታ በቅል ወተት ይዛ መጣች። በዚያ አገር መርዝ በልቷል ለተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ወተት ነው።

ብርቄ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ጾም ነው።"

"እርጉዝ ነሽ። ቄሱ ራሳቸው ብለውሻል" አለ ታደሰ።

"ሁለቱን ያጣኋቸው ጾም ሽሬ ነው።"

"እሱን ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ስለት አለብኝ። ዛሬ ብሽር ይሄም ይሄዳል።"

ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ለማሳመን የማውቀው መንገድ ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ እዚያ ግን የማቀርበው ማስረጃ የለኝም።

ከድጃ ጉልበቷ እያመማት በርከክ አለች።

"ስለትሽን ለእኔ ስጪኝ።"

"ምን?"

"የቀረውን ጾም እኔ እጾምልሻለሁ። እስኪፈታ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ አልነካም። አንቺ ጠጪ።"

"እርስዎ እስላም ነዎት፣ እትዬ ከድጃ።"

"መርየም የእኛም ናት። እኔ የሚጾም ሆድ የለኝም? ወላሂ እጾማለሁ። በእኔ ቤት ድስት የመጣ ነገር ነው፤ በእኔ ይለፍ።"

ብርቄ ነጠላውን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ቅሉን ተቀብላ ጠጣች።

ወንዙ ስለማያሻግር ወደ ገደሉ መውጣት ጊዜ አያባክንም ብዬ አሰብኩ። መርሳ ስንደርስ የሕክምና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን በላች?" ብሎ ነው። ዘምዘምን "የቆረጥሽበትን አሳዪኝ" አልኳት። መቆፈሪያ ይዤ ተከተልኳት። መንገዱ ጭቃ ነው። ልጅቷ አታለቅስም፤ ብቻ ደጋግማ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

"ወደ ሐራ ይመልሱኛል?"

"ማን ነው የሚመልስሽ?"

"እማ።"

"ወደፊት እይ" አልኳት። "ትወድቂያለሽ።"

ከቋጥኙ በላይ ደረስን። "እዚህ" አለች። እርጥብ አፈር ላይ በማጭድ የተቆረጡ ጉቶዎች ይታያሉ። የመጀመሪያውን ቆፈርኩ፤ የጣት ጫፍ የምታህል የነጭ ሽንኩርት ራስ ወጣች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ትንሽ ቀለለኝ። ሦስተኛው ጉቶ ሲቆፈር አያልቅም። በእጄ አፈሩን ገፋሁት። የወጣው የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል፣ ቡናማ ልባስ ያለው ሥር ነው። አጠገቡ ሌላ እንደሱ ያለ አለ፤ እሱም ተቆርጧል። ሌሎቹን አንድ በአንድ አየን። ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የቆፈርኩበትን እጄን አየሁት። ማሳከክ ጀምሮታል።

ሥሩን በቅጠል ጠቅልዬ ስወርድ ብርቄ ቃሬዛ ላይ ናት። ወንዙ ዳር አስታወከች። ውሃው ጎድሎ እስከ ወገብ ሲደርስ ሸካሚዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። እኔ ከኋላ ጫማዬንና ያን ሥር ከራሴ በላይ ይዤ እከተላለሁ። መሐል ላይ ብርቄ ጠራችኝ።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ዝም ብሏል።"

"ማን?"

"ልጁ። ከበላሁ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።"

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ያን ቀን የተባለውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ያንን ብቻ አላስታውስም።

መርሳ ጤና ጣቢያ የደረስነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ተረኛው ነርስ ወጣት ነው። ሥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የብርቄን አንጓ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። "ልቧ ቀስ ብሏል" አለ። ግሉኮስ ሰቀለላት። መኪና ከወልድያ እንዲመጣ ስልክ ተደወለ፤ መንገዱ ናዳ ወርዶበት እስኪጸዳ አይመጣም ተባለ። ነርሱ የእንጨት ቀንድ የመሰለ መስሚያ አምጥቶ ጆሮውን ከሆዷ ላይ አደረገ። መስሚያውን ወዲያ ወዲህ አዛወረ።

"አለ" አለ በመጨረሻ። "ደካማ ነው ግን አለ።"

ሌሊቱን አልተርከውም። በየጊዜው ልቧን ይቆጥራል፤ በየጊዜው መስሚያውን ያደርጋል። ታደሰ ውጭ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነው ያደረው። ግባ ብንለው "እዚህ ይሻለኛል" አለ። እኔ ሁለት ጊዜ አስታወኩ፤ የብርቄ ጤና ከእኔ ይልቅ የሚያሳስብ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም።

ጎህ ሲቀድ ብርቄ ዓይኗን ገልጣ እጄን ፈለገች። ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። ከውስጥ አንድ ነገር መዳፌን ገፋው። ጠበቅኩ። ደግሞ ገፋው።

"አሁን ጻፈው" አለችኝ።

ነርሱን ወተቱ ረድቷት እንደሆነ ጠየቅኩት። "አልጎዳትም" አለኝ። ያዳናት የተቀላቀለው መጠን ትንሽ መሆኑና ቶሎ ማስታወኳ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ በእኔ ላይ የለወጠውን ነው። ስለ ቅጠሉ ያሰብኩትን ጽሑፍ ጻፍኩት፤ ግን የከድጃን መለያ እንዳለ አላስቀመጥኩትም። መለያው ትክክል ነው። የሚሠራው ግን ለመጀመሪያው ቅጠል ነው። ከዚያ በኋላ አፍንጫችሁ የሚነግራችሁ ስለ ቅጠሉ ሳይሆን ስለ እጃችሁ ነው። የምትለቅሙ ካላችሁ እያንዳንዱን ከሥሩ ነቅላችሁ እዩ፣ እጃችሁን እየታጠባችሁ ልቀሙ፣ የየሰዉን ለየብቻ አድርጉት። እጁ የሚያሳክከው ሰው ካለ የለቀመው ሁሉ ይጣል።

ሥራዬንም ለወጠው። ከዚያ በፊት ሦስት ሰው አንድ ነገር ከነገረኝ ተረጋገጠ ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ሦስቱ ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ተገናኝተው አውርተው እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከአንድ ቅርጫት የወጡ ከሆኑ ቃላቸው መመሳሰሉ ምንም አያረጋግጥልኝም። ወጣት ዘጋቢዎች ይህን ጥያቄ ለምን እንደማላልፍ ሲጠይቁኝ ስለ ሽንኩርት አወራላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያረጀሁ ይመስላቸዋል።

ፍርሃትንም በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ፍርሃት ሥራ ከተሰጠው ይሠራል ብዬ አምን ነበር፤ ያን ቀን መቆፈሪያ ሰጠሁትና ቆፈረ። ወንዙ መሐል "ዝም ብሏል" ስትለኝ ግን የምሰጠው ሥራ አልነበረም። ሰው በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልተማርኩም። ተምሬአለሁ የሚላችሁን አትመኑት።

ዘምዘምን ማንም ወደ ሐራ አልመለሳትም። በማግስቱ ከድጃ ድስቱን ከነወጡ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው፤ ከመርሳ ገበያም አዲስ የጾም ድስት ገዛች። ዘምዘምን ይዛ ወደ ገደሉ ወጥታ ሁለቱን ዓይነት ሽንኩርት ከነሥራቸው አሳየቻት። በኋላ ዘምዘም "ተቆጥተውኛል" አለችኝ፤ ፊቷ ግን የተቆጡት ሰው ፊት አልነበረም።

ብርቄ መስከረም ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። የሕፃኗን ግንባር ከድጃ ነበረች ቀድማ ያየችው።

ከዚያ በፊት ግን ለፍልሰታ ፍቺ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ጧት፣ መንደሩ ነበርኩ። በእነዚያ ቀናት ከድጃ ምን ስትበላ እንደነበር ዘምዘምን ለብቻዋ ጠየቅኳት። "ከእኛ ጋር አልበሉም" አለችኝ። "ከአዲሱ ድስት ነበር።" የከድጃን ልጅም ለብቻው ጠየቅኩት፤ ያንኑ ነገረኝ። ከቅዳሴ የተመለሰችው ብርቄ አንድ ኩባያ ወተት ይዛ አጥሩን ዞራ ገባች። ከድጃ ኩባያውን ተቀብላ "ቢስሚላህ" ብላ ጠጣች።